ዘመድ የሌለው የውኃ አባት

ውኃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጠብ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ይህ የኔ ፍልስፍና አይደለም፤ ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ከላይ ያለው ሰው ወንዙ በደጁ ስለሚያልፍ የገዛ ጋኑ ይመስለዋል። ከታች ያለው ደግሞ የላዩ ሰው ፊቱን በታጠበ ቁጥር የተዘረፈ ይመስለዋል። ሁለቱም እግዜርን ምስክር ይጠራሉ። እግዜር ግን ብልህ ስለሆነ ዝናቡን ያዘንብና ክፍፍሉ ውስጥ አይገባም። ታዲያ ማን ይግባ? እኔ ገባሁ። እንዴት እንደገባሁና ለምን እስከ ዛሬ እንዳልወጣሁ ላጫውታችሁ።

የተወለድኩት መርሐቤቴ ነው፤ ከዓለም ከተማ ቁልቁል ወርዶ፣ ዝንጀሮ እንኳ ጥላ ከሚፈልግበት ቆላ። አባቴ እዚያ ወንዝ ዳር ሎሚ ያለማሉ። እኔ ተምሬ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆንኩና መንግሥት በጥበቡ ወደ መንዝ፣ ከሞላሌ ወጣ ብሎ ወዳለ ቀበሌ መደበኝ። የቆላን ልጅ ደጋ፣ የደጋን ልጅ ቆላ መመደብ በዚያ ዘመን አቅም ግንባታ ይባል ነበር። የሞላሌን ብርድ ያልቀመሰ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። የመጀመሪያውን ሰሞን ያለኝን ልብስ ሁሉ ደርቤ ስንቀጠቀጥ ያዩኝ ገበሬዎች፣ ይኼ ነው ወይ እኛን ሊያለማ የመጣው ብለው ሳቁና ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና አዋሱኝ። ስሜን ለመያዝም አልደከሙም። «ልማቱ» ብለው ጠሩኝ፤ ልማቱ ሆኜ ቀረሁ።

በቀበሌው አንዲት ወንዝ አለች፤ አይጠገብ ትባላለች። ወንዝ ማለቴ ለክብሯ ነው እንጂ በየካቲት ፍየል ሳትዘል የምትሻገራት ናት። የምትመነጨው ከጓሳ ግርጌ ነው። ጓሳን ለማታውቁ፣ ሣሩ በሥርዓት የሚጠበቅ ሰፊ ደጋ ነው። አባቶች ይዘጋ ካሉ በግም ማጭድም አይገባበትም፤ ይከፈት ሲሉ ይከፈታል። ሣሩ የክረምቱን ዝናብ እንደ ባና ይጠጣና በጋውን ሙሉ ጠብ ጠብ ያደርገዋል። ለሣር ይህን የመሰለ ሕግ ያወጣ ሕዝብ ከሣሩ ሥር በሚወጣው ውኃ ላይ መስማማት አቅቶት መኖሩ ይገርመኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ሣር ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ባለበት ቆሞ ይጠብቃል፤ ውኃ ግን ማንንም ሳይጠብቅ ይሄዳል።

አይጠገብን የሚካፈሏት ሁለት መንደሮች ናቸው፤ ላይ አምባና ታች አምባ። በበጋ ሁለቱም ከእሷ ቦይ ጠልፈው ገብስ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ያጠጣሉ። ውኃው በተራ ነው። ተራውን የሚያስከብር የውኃ አባት የሚባል ዳኛ አለ፤ ክረምት ወጥቶ ቦዩ ሲጠረግ በሁለቱ መንደር ፊት ይመረጣል። ውኃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባል የለ? እዚያ ግን ውኃውም ይጎድላል፣ ዳኛውም አይገኝም።

ምክንያቱም የመንዝ ሰው የዘመዱ ብዛት ነው። ዘሩን በአባቱም በእናቱም፣ በአያቱም በአያቱ እናትም በኩል ይቆጥራል። የውኃ አባቱ ከላይ አምባ ከሆነ ለዘመዶቹ አደላ ይባላል፤ ከታች አምባ ከሆነም ያው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ መክረው አንድ ታላቅ ውሳኔ ወሰኑ፤ ከእንግዲህ የውኃ አባት የሚሆነው ከሁለቱም መንደር አንድም ዘመድ የሌለው ሰው ነው አሉ። ማለፊያ ውሳኔ! እንግዲህ መንዝ ውስጥ ዘመድ የሌለው ሰው መፈለግ ጓሳ ላይ ወጥቶ ሎሚ እንደ መልቀም ነው። አንድ ከጎጃም የመጣ ፖሊስ ተገኘና ሁሉም ደስ አላቸው። ቢቆጠር ቢቆጠር የአያቱ እናት በክፉ ቀን የተሰደደች የላይ አምባ ሴት ሆና አረፈችው። ምስኪኑ ፖሊስ ሹመቱን አጥቶ አንድ ቤት ሙሉ አጎት ይዞ ተመለሰ።

በመጨረሻ ዓይናቸው እኔ ላይ ዐረፈ። መርማሪዎቼ ሁለት ነበሩ። አንዱ የላይ አምባው ትልቅ ሰው ጋሽ ወልደየስ ናቸው፤ ሰው ሲያገኙ ከሰላምታው በፊት ዘሩን የሚጠይቁ። ሁለተኛው የታች አምባው አውራ ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ሲናገሩ ግን በአንድ ቃል ነገር የሚጨርሱ። ሁለቱ ያጎት ልጆች ሲሆኑ በውኃ ምክንያት ለዓመታት ፊት ለፊት ተነጋግረው አያውቁም። «ያን ሰውዬ እንዲህ በለው» እየተባባሉ በሦስተኛ ሰው ነው የሚጨቃጨቁት፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው።

አባትህ ማነው ተባልኩ፤ ተናገርኩ። አያትህስ? ተናገርኩ። ቅድመ አያትህስ? እውነቱን ለመናገር ከአያቴ በላይ ማን እንደነበረ አላውቅም ነበር። በመንዝ ሽማግሌ ፊት ቅድመ አያቴን አላውቀውም ማለት ሱሪን ረስቶ ለቅዳሴ እንደ መምጣት ነው። ጋሽ ወልደየስ አማተቡ። ጋሽ ደምሴ፣ ይኼ ልጅ ከዛፍ ላይ ነው ወይ የወረደው ብለው በአጠገባቸው ያለውን ሰው ጠየቁ። አንዲት እናትማ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ከዚያ ግን ሐዘኑ ቀስ በቀስ ወደ ደስታ ተለወጠ። ቅድመ አያት የሌለው ሰው እንዴት ብሎ ዘመድ ይኖረዋል? የምንፈልገው ሰው ይኸው! እልልታው ቀለጠ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አለማወቄ ሹመት አስገኘልኝ። በመንግሥት ቤት ይህ አዲስ ነገር አይደለም የምትሉ ክፉዎች እንደማትጠፉ አውቃለሁ፤ እናንተን ለሌላ ቀን እተዋለሁ።

የውኃ አባትነት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ተራ የሚለወጠው በጥላ ነው። ጠዋት የሚያጠጣው ላይ አምባ ነው። የውኃ አባቱ ፀሐይ ላይ ይቆምና የገዛ ጥላውን በገዛ እግሩ ይሰፍራል፤ ጥላው ከተባለው ልክ ሲያጥር «ተራ ተለወጠ!» ብሎ ይጮኻል፤ ያኔ የላዩ ቦይ ተደፍኖ የታቹ ይከፈታል። እጄ ላይ ሰዓት አለ ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ጋሽ ደምሴ፣ ሰዓትን ሰው ያዞረዋል፤ ጥላን ማን ያዞረዋል አሉኝ። መልስ ያለው ሰው ይንገረኝ። እሑድና በበዓል ቀን ግን የውኃ አባቱም ያርፋል። በዋዜማው የቦዩ አፍ ሁሉ ይደፈንና አይጠገብ እንዳሻት ትሄዳለች፤ የሰንበት ውኃ ይሏታል። በሰንበት አካፋ ማንሳት ነውር ብቻ ሳይሆን ኃጢአት ነው። የመንዝን በዓላት ብዛት የሚያውቅ ሰው የውኃ አባቱ ምን ያህል እንደሚያርፍ ይገባዋል።

ወረዳው የጥላውን ነገር ሲሰማ አልተዋጠለትም። ሁለቱንም መንደር ሞላሌ ጠርቶ በአዳራሽ ሥልጠና ሰጠ። ሁላችሁም የተፋሰሱ ባለድርሻ አካላት ናችሁ ተባሉ። ጋሽ ወልደየስ «አካል» የምትለውን ቃል ስለወደዷት እጃቸውን አወጡና፣ እንግዲህ አካል ከሆንን ራሱ ላይ ያለነው እኛ ነን ማለት ነው አይደል ብለው ጠየቁ። ጋሽ ደምሴም በጎረቤታቸው በኩል፣ ያን ሰውዬ ራስ ያለ ሆድ ምን ይሠራል በለው ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሥልጠናው በሻይና በዳቦ ተጠናቀቀ። ያን ሰሞን ደግሞ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ፕላስቲክ አንጥፉ፣ ውኃ አቁሩ የሚል ዘመቻ ነበር። ፕላስቲኩ መጣ። ገበሬው አየው፣ ዳሰሰው፣ እንዲህ ያለ ጌጥ መሬት ውስጥ አይቀበርም ብሎ የጭድ ክምሩን አለበሰው። እኔም አፈጻጸሙ አበረታች ነው ብዬ ሪፖርት አደረግሁ። ክምሩ በእርግጥ አልበሰበሰም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንድ ጠዋት ጥላዬን ስሰፍር አንዲት ልጅ አካፋዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ መጥታ ቆመችና ቁልቁል እግሬን ታየኝ ጀመር። አሰገደች ትባላለች፤ የጋሽ ደምሴ ልጅ ናት፤ አሥረኛን ጨርሳ ሞላሌ ገበያ የሱፍ ክር ትሸጣለች፤ የአባቷ ተራ ሲደርስ ደግሞ ቦይ የምትከፍተው እሷ ናት። «ልማቱ» አለችኝ፤ «ቁመትህ የግመል፣ እግርህ የዶሮ። የኛ ተራ የሚደርሰው ጥላህ ሲያጥር ነው፤ ያንተ ጥላ ደግሞ በዚያች እግር እየተሰፈረ መቼም አያጥርም። ላይ አምባ በእግርህ ትንሽነት ጠግቦ አደረ እኮ!» ተናደድኩ። ስናደድ ግን ፊቷን በደንብ አየሁትና ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። የመንግሥት ሠራተኛ እግር በገበሬ ልጅ አይለካም አልኳት። እሷም በማግስቱ የአባቷን ጫማ ይዛልኝ መጣች፤ ይኼን አጥልቀህ ስፈር ብላ። እንዲህ እያልን ተከራከርን። በጋው ሳያልቅ ክርክሩ እንዳያልቅ እሰጋ ነበር፤ ኋላ በጋው አለቀና ክርክሩ ቀጠለ። ክረምቱን ሙሉ፣ ማንም ውኃ በማይፈልግበት ወራት፣ እኔና እሷ ስለ ውኃ ክፍፍል ተወያይተናል። መስከረም ሲጠባ እንደምንጋባ ተስማምተን ነበር።

ተስማምተን ነበር እላለሁ፤ ማን ጠየቀን? ለጋሽ ደምሴ ነገሩን ቀስ ብዬ ባነሣ ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ዳኛውን አማች ማድረግ የማይወድ ተከራካሪ አለ? እሳቸው ግን ራሳቸውን ያዙ። «ልጄስ ሌላ ባል አታጣም» አሉኝ፤ «እንዳንተ ያለ ዘመድ የሌለው ዳኛ ግን ከየት ይመጣልኛል? አንተ የኔ አማች የሆንክ ቀን ያ ሰውዬ አስነሥቶህ የራሱን ሰው ያስቀምጣል። እርሻዬ ይደርቃል። ተወኝ እባክህ።» ወደ ጋሽ ወልደየስ ሄድኩ። እሳቸው ደግሞ ከታች አምባ ብቻ ሳይሆን ከየትም እንዳላገባ መከሩኝ። ሚስት ማለት አማት ናት፣ አማት ማለት ዘመድ ነው፣ ዘመድ ማለት አድልዎ ነው፤ ድንግልና ለቅዱሳንም ክብር ነው አሉኝ። የሁለት መንደር ሰላም በኔ ወንደላጤነት ላይ ቆመ። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ማለት ይኼ ነው። ዳኝነቱን ልልቀቅ ብል ሁለቱም መንደር ግዝት አሰማብኝ። ልያዝ ብል አሰገደችን ማጣቴ ነው። በዚያ ላይ የአንድ የመሐል ሜዳ ነጋዴ ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ መጣ። አሰገደችም፣ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ካልሆነልህ እኔ ጥላህ እስኪያጥር አልጠብቅም ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። እውነቷን ነበር። እንቅልፍ አጣሁ፣ እህል አስጠላኝ፤ ለካ ሰው ከወንዝ ዳር ቆሞም ይደርቃል።

ጥር ሲገባ ያለኝ ተስፋ አንድ ብቻ ነበር፤ አባቴ። ከመርሐቤቴ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ጆንያ ሎሚ አስከትለው መጡ። ያየኋቸው ቀን ግን ተስፋዬ ወደ ስጋት ተለወጠ። ለምን አትሉኝም? አባቴ እንደኔ አይደሉማ! ዘር መቁጠር ከጀመሩ ኖኅ መርከብ ላይ ካልተሳፈሩ አያቆሙም። እኔ ከአያቴ በላይ የማላውቀውም እሳቸው ሲቆጥሩ እንቅልፍ ስለሚወስደኝ ነው። መንዝና መርሐቤቴ ደግሞ ጎረቤት ነው። ቆጥረው ከጋሽ ወልደየስ ጋር ቢገናኙ ዳኝነቴ አበቃ። ከጋሽ ደምሴ ጋር ከሰባት ቤት በታች ቢገናኙማ ይባስ፤ አሰገደች እህቴ ሆነች ማለት ነው፤ ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን ሕግ ተከለከለ። አባቴን ለምኜ አስማልኳቸው። ስለ አየሩ ያውሩ፣ ስለ ሎሚው ያውሩ፣ ስለ ወንዙ ያውሩ፣ ብቻ ከአያቴ በላይ እንዳይወጡ አልኳቸው። ስለ ወንዙ ያውሩ ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ጋሽ ደምሴ ቤት ተሰበሰብን። በግ ታርዷል፣ ጠላው ይንቆረቆራል። ጋሽ ወልደየስም የላይ አምባን ሰዎች ይዘው መጥተዋል፤ የዳኛው ጋብቻ የሕዝብ ጉዳይ ነው ብለው ለመቃወም። የአባቴ ሽማግሌዎች ተነሥተው ልጅቷን ለመኑ። ጋሽ ወልደየስ፣ ያን ሰውዬ ልጁን ከሰጠ ዳኛችንን ነጠቀን ማለት ነው በሉት አሉ። ጋሽ ደምሴም፣ ያን ሰውዬ ማን እሰጣለሁ አለው በሉት አሉ። ነገሩ ተቋጠረ። አሰገደች ከጓዳ በመጋረጃው ቀዳዳ ታየኛለች፤ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው፣ እሱም ተቆጥቷል። በዚህ ጊዜ የሁሉም ፊት ወደ አባቴ ዞረ። ሰውዬው ከመጡ ጀምሮ ትንፍሽ አላሉም። ጋሽ ወልደየስ፣ ያው የለመዱት ነውና፣ እስቲ እንጨዋወት፣ ዘርዎ ከወዴት ነው አሏቸው። አባቴ አፋቸውን ከፈቱ። እኔን አዩ። ዘጉት። ቤቱን ሁሉ ጥርጣሬ ገባው። አባቴ ላብ ላብ ሲላቸው፣ እንግዲህ ከመዋረድ ብለው ስለ ወንዛቸው ጀመሩ።

«የኛ ወንዝ ተአምረኛ ነው» አሉ። «ወንጪት በበጋ ከስታ አጥንቷ ይቀራል። ነገር ግን ሰኞ ሰኞ ትወፍራለች! ሰኞ ብቻም አይደለም፤ የሚካኤል ማግስት ትወፍራለች፣ የማርያም ማግስት ትወፍራለች፣ የመድኃኔዓለም ማግስትማ አትጠይቁኝ። ሰው ሠርቶት አይደለም፤ በረከት ነው። እኔም ሎሚዬን በዚያች ቀን አጠጣለሁ። ይኸው፣ ቅመሱት» ብለው ከጆንያው ሎሚ እያወጡ ማደል ጀመሩ።

የጠላው ዋንጫ ሁሉ በየሰዉ አፍ አጠገብ ቆመ። እኔ የዘሬን ቀዳዳ ስደፍን ውኃው በሌላ በኩል መጣብኝ። ጋሽ ወልደየስ ሎሚውን እያገላበጡ ቀስ ብለው ጠየቁ፤ ይቺ ወንጪት የሚሏት ውኃዋ ከወዴት ነው የሚመጣው? አባቴ በየዋህነት እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። ከዚሁ ከናንተ ከደጋው አይደለም እንዴ አሉ፤ እግረ መንገዴንም አየኋት፣ ይቺ ከደጃችሁ የምትወርደው ትንሿ ወንዝ የኛዋ ልጅ ናት። መቼም አይጠገብ ብቻዋን ወንጪትን አታወፍርም። ግን በሰንበት የሚያርፈው ላይ አምባና ታች አምባ ብቻ ነው? በየሸለቆው ያለው መንዝ ሁሉ ያርፋል። ተአምሩ ምን እንደሆነ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ገባው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ዘሬን እንደዚያ ሲመረምሩ፣ የአባቴ ማሳ ከየትኛው ወንዝ እንደሚጠጣ የጠየቀኝ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን አስቤው አላውቅም። ሁለቱ መንደሮች በወንዙ ላይ ገለልተኛ ይሁን ብለው የሾሙት የሦስተኛውን ተካፋይ ልጅ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ያየ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። ጋሽ ደምሴ ቀና አሉና፣ በመካከል ማንንም ሳያስገቡ፣ «ወልደየስ፣ እስቲ ና» አሉ። ጋሽ ወልደየስም «እሺ ደምሴ» ብለው ተነሡ። ከድንጋዩ አጥር ኋላ ሄደው ተመካከሩ። ራሳቸውን አስጠግተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ እንደ ልጅነታቸው። ሴቶቹ እንባቸውን ጠረጉ። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ላይና ታች ተባብለው የኖሩ ሰዎች ከሁለቱም በታች ሌላ ሰው እንዳለ ሲያውቁ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ላይ ሆኑ። እኔ ግን ሹመቴንም ልጅቷንም እንዳጣሁ ቆርጬ ነበር። ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ።

ሲመለሱ የተናገሩት ጋሽ ወልደየስ ናቸው። «የሳትነው ዘመድ የሌለው ዳኛ ስንፈልግ ነው» አሉ። «ዘመድ የሌለው ሰው ማንን ያፍራል? ማንን ይፈራል? በዚያ ላይ ዘመድ የለውም ስንል አባቱ ወንዙ ጫፍ ላይ ሎሚ ይዘው ተቀምጠዋል። እንግዲህ ይኼን ልጅ ብንለቀው ካባቱ ጋር ነው የሚወግን። ስለዚህ እናስረዋለን። ደምሴ ልጁን ይሰጠዋል። እኔ ደግሞ የጡት ልጄ አደርገዋለሁ። ከላይ አንድ አባት፣ ከታች አንድ አባት፣ ከጫፍ አንድ አባት። ከሦስት አባት እርግማን አምልጠህ እስቲ አድላ!» ከጓዳው እልልታ ተሰማ። ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም ይባላል፤ አሰገደች ግን እልል አለች።

የጡት ልጅነቱ እዚያው ተፈጸመ። ማር ቀረበ፤ ጋሽ ወልደየስ አውራ ጣታቸውን ነከሩና ወደ አፌ ዘረጉት። ጺም ያወጣሁ፣ ዲፕሎማ የያዝኩ፣ በወረዳው የተመሰገንኩ ሰው፣ የሽማግሌ ጣት በሕዝብ ፊት ጠባሁ። ማሩ ጥሩ ነበር። ጣቱ ግን ሲያርስ የዋለ ጣት ነው።

ሠርጉ ከተቆረጠ በኋላ፣ ሁሉም ደስ ብሎት ሲጨዋወት፣ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንግዲህ ውኃው የጋራችን ከሆነ የኔስ ተራ መቼ ነው አሉ። ሳቁ ጠፋ። ጋሽ ደምሴ፣ አማቻችን ሆይ፣ ለሁለታችንም ሳይበቃን ነው ስንፋጅ የኖርነው አሏቸው። አባቴ ትንሽ አሰቡ። በእሑድ ታጠጣላችሁ እንዴ ብለው ጠየቁ። እግዚአብሔር ይጠብቀን ተባሉ። በሚካኤልስ? በጭራሽ! በማርያም፣ በጊዮርጊስ፣ በተክለሃይማኖት? ምን ሆነዋል፣ አረመኔ አደረጉን እንዴ? አባቴ ፈገግ ብለው ተነሡና ቆመው መረቁ። «እንግዲያው ሌላ ምንም አልፈልግም። ብቻ በዓላችሁን አክብሩ። እግዚአብሔር በዓላችሁን ያብዛላችሁ!» ሰው ሁሉ አሜን አለ። ወረዳው በአዳራሽ ሲፈልገው የከረመው የታችኛው ተፋሰስ ድርሻ ለካ ድሮውኑ በበዓላቱ ተራ ተቀምጦለት ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ አባቴን ያያችሁ እንደሆነ የታወቁ መንፈሳዊ ሰው ሆነዋል። ከመንዝ የወረደ መንገደኛ ሲያገኙ ከጤናው በፊት የሚጠይቁት ሰንበት ይከበራል ወይ ብለው ነው። ለላይ አምባ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ልከዋል። በዓሉ በበጋ ወራት የሚውል፣ እዚያ አገር ቸል የተባለ አንድ ቅዱስ ሲያገኙም ማኅበሩን የሚያቋቁሙ እሳቸው ናቸው። ድግሱ በሎሚ ይታጀባል።

እኔስ? ባለፈው ግምገማ ላይ ከወረዳ የመጡ ሰዎች፣ ገበሬው በዓል እያበዛ ሥራ አልሠራ ብሏል፣ የልማት ሠራተኛው በዓል እንዲቀነስ ሕዝቡን ያስተምር ብለው አዘዙኝ። ምን ላድርግ? የመንግሥት እንጀራ ነው፤ ሕዝቡን ሰብስቤ አስተማርኩ። ድምፄ እንደ ታመመ ሰው ነበር። ጋሽ ደምሴ፣ ልጄ አባትህ ይህን ሰምተዋል ወይ አሉኝ። ጋሽ ወልደየስም፣ ጣቴን ያጠባሁህ ለዚህ ነው ወይ አሉኝ። አንድም በዓል አልተቀነሰም። በግምገማው ደካማ ተብዬ ተመዘገብኩ። በሦስቱ አባቶቼ ዘንድ ግን ከፍተኛ ነጥብ አለኝ።

አንድ ችግር ብቻ ቀርቶኛል። የሞላሌ ብርድ እስከ ዛሬ አልለመደኝም፤ እሑድ ጠዋት ከባናዬ መውጣት ሞት ነው። መንደሩ ደግሞ የሚያየው የውኃ አባቱን ነው፤ እሱ ሰንበትን ካላከበረ ሌላው አካፋውን ያነሣል። ስለዚህ ገና ሳይነጋጋ አሰገደች ባናውን ከላዬ ትገፈውና እንዲህ ትለኛለች፤ «ተነሥ፣ ቤተ ክርስቲያን ሂድ! የአባትህ ሎሚ ውኃ ጠምቶታል።»